የሒሳብ ሠንጠረዥን በጆሮ ማንበብ
ዓይነ ስውራን ያለ ማውስ፣ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የኢንተርኔት መዝገብ የሚይዙበት ዘዴ

የሽያጭ፣ የዱቤና የመጋዘን መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያዛወሩ የንግድ ድርጅቶች ጥቂት አይደሉም። በአሁኑ ወቅት ደግሞ መዝገቡ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቆልፎ መቀመጡ እየቀረ፣ ባለቤቱ ከቤቱ፣ ሻጩ ከሱቁ፣ የሒሳብ ሠራተኛው ከቢሮው በአንድ ጊዜ ከፍተው የሚሠሩበት የኢንተርኔት ሠንጠረዥ በመሆን ላይ ይገኛል።

ይህ ለውጥ ለአንዱ በር ሲከፍት በሌላው ላይ ሊዘጋ ይችላል። በአካውንቲንግ ወይም በማኔጅመንት ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ዓይነ ስውር ወጣት ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ከአሠሪው አእምሮ የማይጠፋው ጥያቄ «ይህን ሁሉ ቁጥር እንዴት አድርጎ ያየዋል?» የሚል ነው። መልሱ አጭር ነው። አያየውም፤ ይሰማዋል። ሠንጠረዡ በአግባቡ ከተዘጋጀ መስማቱ ለሥራው በቂ ነው። ጣጣው ያለው «በአግባቡ ከተዘጋጀ» በሚለው ላይ ነው። ግማሹ ሥራ የተጠቃሚው የቁልፍ ዕውቀት ሲሆን፣ ቀሪው ግማሽ መዝገቡን አብረውት የሚሞሉት ዓይናማ ባልደረቦች ኃላፊነት ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ትምህርት ሁለቱንም ወገን ይመለከታል።

መሣሪያው ከየት መጣ?

ስክሪን ሪደር ወይም የስክሪን አንባቢ የሚባለው በኮምፒዩተሩ መስኮት ላይ ያለውን ጽሑፍ ወደ ድምፅ ወይም ወደ ብሬል የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ከነዚህ መካከል በሰፊው የሚታወቀው ጆስ ነው። የጆስ ጀማሪ ቴድ ሄንተር የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ የነበረ አሜሪካዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በመኪና አደጋ ዓይኑን ካጣ በኋላ ወደ ኮምፒዩተር ሙያ የገባ ሰው ነው። የመጀመሪያው ጆስ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነበር። ጆስ በግዢ የሚገኝ ነው። በሌላ በኩል ኤንቪዲኤ የተባለው አንባቢ እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከራን በተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር የተጀመረ ሲሆን በነፃ ይታደላል። አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ድርጅትም ሆነ ለተማሪ የመጀመሪያው ምርጫ ይኸው ነው።

የሒሳብ ሠንጠረዥ በኮምፒዩተር ላይ ከዚህም ይቀድማል። ቪዚካልክ የተባለው ፕሮግራም በዳን ብሪክሊንና በቦብ ፍራንክስተን ተሠርቶ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ጉግል የኢንተርኔት ሠንጠረዡን ለሕዝብ ያቀረበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር።

በዶስ ዘመን በመስኮቱ ላይ የሚታየው በአብዛኛው ፊደልና ቁጥር ስለነበረ ለአንባቢው ፕሮግራም ሥራው ቀላል ነበር። የዛሬው የኢንተርኔት ሠንጠረዥ ግን ሴሎቹን እንደ ሥዕል የሚስል በመሆኑ፣ አንባቢው ሌላውን የኢንተርኔት ገጽ በሚያነብበት መንገድ ሊያነብበው አይችልም። ስለዚህም በጉግል ሺትስ ውስጥ ለስክሪን አንባቢ የሚያገለግል ልዩ ድጋፍ ተዘጋጅቷል። ድጋፉ መብራት እንዳለበት ባለማወቅ «ሠንጠረዡ አይናገርም» ብለው ተስፋ የሚቆርጡ ጀማሪዎች አሉ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት

ለትምህርቱ የተመረጠው ጥምረት ዊንዶውስ ያለው ኮምፒዩተር፣ የክሮም መቃኛ፣ ኤንቪዲኤና ጉግል ሺትስ ነው። በጆስ የሚሠራ ሰውም ከጥቂት ልዩነት በስተቀር ተመሳሳይ መንገድ ይከተላል።

በመጀመሪያ ኮንትሮል፣ አልትና ኤን አንድ ላይ ሲጫኑ ኤንቪዲኤ ይነሣል። ቀጥሎ ክሮም ተከፍቶ የራስ ሠንጠረዥ ወይም ከባልደረባ የተላከው ሠንጠረዥ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች መደረግ አለባቸው።

አንደኛው የአንባቢውን የገጽ ማሰሻ ስልት ማጥፋት ነው። አንባቢው የኢንተርኔት ገጽ ሲያነብ ቀስቶችንና ፊደሎችን ለራሱ መጠቀሚያ ይይዛል። በሠንጠረዥ ውስጥ ግን ቁልፎቹ ለሠንጠረዡ መድረስ አለባቸው። በኤንቪዲኤ ይህ የሚደረገው የኤንቪዲኤን ቁልፍ ከስፔስ ጋር በመጫን ነው። የኤንቪዲኤ ቁልፍ የሚባለው ኢንሰርት ሲሆን፣ በምርጫ ካፕስ ሎክም ሊሆን ይችላል። በጆስ ኢንሰርትና ዜድ ይጫናሉ።

ሁለተኛው ኮንትሮል፣ አልትና ዜድን አንድ ላይ በመጫን የጉግል ሺትስን የስክሪን አንባቢ ድጋፍ ማብራት ነው። ድጋፉ መብራቱ በድምፅ ይነገራል። ከዚህ በኋላ ተጠቃሚው ቀስት በተጫነ ቁጥር የደረሰበትን ሴል ይዘትና አድራሻ ይሰማል። በብሬል ማሳያ የሚሠራ ሰው ኮንትሮል፣ አልትና ኤችን በመጫን የብሬሉን ድጋፍ ያበራል።

ድምፁን በተመለከተ፣ ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው የድምፅ አውጪ ከሚያነብባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የድምፅ ምርጫው የኤንቪዲኤ ቁልፍ፣ ኮንትሮልና ቪ ሲጫኑ ይከፈታል። በእንግሊዝኛ ድምፅ የአማርኛ መዝገብ ለማንበብ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ድምፁ ሲበዛ ወይም ሲሰለች ኮንትሮልን ብቻ መጫን ያስቆመዋል።

ሌላው ጥንቃቄ የቁልፍ ሰሌዳውን ቋንቋ ይመለከታል። የዕቃ ስም በአማርኛ ሲተየብ ቆይቶ ፎርሙላ ለመጻፍ ሲፈለግ ሰሌዳው ወደ እንግሊዝኛ መመለስ አለበት። ለዚህም የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ያገለግላሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የፎርሙላ ስሞችና የዓምድ ፊደሎች እንደሚነበቡት በአማርኛ ቢቀመጡም የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው። ቁጥሮችም የሚገቡት በተለመደው አኃዝ ነው። የግዕዝ ቁጥር ለኮምፒዩተሩ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ አይደመርም።

በሠንጠረዡ ውስጥ መንቀሳቀስ

ዓይናማ ሰው ሠንጠረዥን በአንድ ጊዜ ገርምሞ የት ምን እንዳለ ይረዳል። የሚሰማው ሰው ግን በአንድ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ሴል ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ መዝገብ የተቀበለ ዓይነ ስውር ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያደርገው ቁጥር መጻፍ ሳይሆን የመዝገቡን ካርታ በጭንቅላቱ መሳል ነው።

ይህም በሦስት እርምጃ ይከናወናል። ኮንትሮልና ሆም ሲጫኑ ወደ መጀመሪያው ሴል፣ ወደ ኤ1 ይደረሳል። ከዚያ በቀኝ ቀስት እየተሄደ የዓምዶቹ አርእስት አንድ በአንድ ይደመጣል። ቀጥሎ ኮንትሮልና የታች ቀስት ሲጫኑ ተከታትሎ የተሞላው ዓምድ መጨረሻ ላይ ይደረሳል፤ የሚሰማው አድራሻም መዝገቡ ስንት ረድፍ እንዳለው ይናገራል። በመጨረሻም አልትና የታች ቀስት ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ገጽ፣ አልትና የላይ ቀስት ሲጫኑ ወደ ቀደመው ገጽ ይታለፋል። በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን ገጾች ዝርዝር መስማት የፈለገ ሰው አልት፣ ሺፍትና ኬን ይጫናል።

በመካከል መጥፋት ያጋጥማል። አንድ ሰው ሴል ዲ17 ላይ «950» የሚል ሲሰማ ቁጥሩ ዋጋ ይሁን ብዛት ላያስታውስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና አር ሲጫኑ ረድፉ በሙሉ ይነበባል። ከአር ፋንታ ሲ ሲጫን ደግሞ ዓምዱ ይነበባል። እነዚህ ሁለት ትእዛዞች ለጆሮ አንባቢ የዓይን ግርምምታን ይተካሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምናሌዎቹን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። አልትና ስላሽ ሲጫኑ የመፈለጊያ ሣጥን ይከፈታል፤ የሚፈለገው ትእዛዝ ስም ጥቂት ፊደላት ከተጻፉ በኋላ በታች ቀስት ተመርጦ በኢንተር ይፈጸማል። የቁልፎቹን ሙሉ ዝርዝር ለመስማት ኮንትሮልና ስላሽ ይበቃሉ።

ልምምድ፦ የሕንፃ መሣሪያ መደብር መዝገብ

ለምሳሌ ያህል አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የዕለት ሽያጩን ይመዘግባል እንበል። ቁጥሮቹ ለትምህርቱ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ አርእስቶቹ ይጻፋሉ። ኤ «ቀን»፣ ቢ «ዕቃ»፣ ሲ «ብዛት»፣ ዲ «የአንዱ ዋጋ»፣ ኢ «ድምር»፣ ኤፍ «ታክስ»፣ ጂ «የተከፈለ»፣ ኤች «ሁኔታ» ይሆናሉ። አርእስት አጭር መሆን አለበት። ረዥም አርእስት ለዓይን ባያስቸግርም ለጆሮ ሸክም ነው።

በሁለተኛው ረድፍ ሚስማር 25 ኪሎ፣ የአንዱ ኪሎ ዋጋ 180 ብር ተብሎ ይመዘገባል። በሴል ኢ2 ላይ የእኩል ምልክት ተጽፎ ሲ2 ኮከብ ዲ2 ይባላል፤ ኮከቧ የማባዛት ምልክት ናት። ኢንተር ሲጫን ጠቋሚው ወደ ታች ስለሚወርድ ውጤቱን ለመስማት አንድ ጊዜ ወደ ላይ መመለስ ያሻል። የሚሰማው 4500 ነው። በኤፍ2 ላይ የእኩል ምልክት፣ ኢ2 ኮከብ 15 ፐርሰንት ሲጻፍ የተጨማሪ እሴት ታክሱ 675 ይሆናል። ደንበኛው ሁሉንም ከፍሏልና በጂ2 ላይ 5175 ይገባል።

በሦስተኛው ረድፍ ቀለም 6 ጋሎን፣ የአንዱ ዋጋ 950 ብር ይመዘገባል። ፎርሙላውን እንደገና መተየብ አያስፈልግም። ኢ2 እና ኢ3 በሺፍትና በታች ቀስት ተመርጠው ኮንትሮልና ዲ ሲጫኑ የላይኛው ፎርሙላ ወደ ታች ይገለበጣል። ድምሩ 5700፣ ታክሱ 855 ይሆናል። ይህ ደንበኛ መክፈል ካለበት 6555 ብር ውስጥ 3000 ብር ብቻ ሰጥቶ ቀሪውን በዱቤ ወስዷል።

ሴሉ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር ይሁን ፎርሙላ ለማጣራት ኤፍ 2 የተባለው ቁልፍ ይጫናል። ፎርሙላ ከሆነ ፊደል በፊደል ሊደመጥ ይችላል። ሳይነካ ለመውጣት ኢስኬፕ መጫን እንጂ ኢንተር መጫን አይገባም።

ዓይን የሚያየው፣ ጆሮ የማይሰማው

እስከዚህ ያለው የቁልፍ ጉዳይ ስለሆነ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ የሚያዝ ነው። ከባዱ ነገር የሚመጣው ሌላ ሰው የሞላው መዝገብ ሲነበብ ነው።

ከላይ ባለው ምሳሌ የሱቁ ሻጭ በጂ3 ላይ 3000 በማለት ፋንታ «3000 ብር» ብሎ ጻፈ እንበል። «ብር» የምትለው ቃል በመጨመሯ ኮምፒዩተሩ ሴሉን ከቁጥርነት አውጥቶ ጽሑፍ ያደርገዋል። የማጠቃለያው ፎርሙላ ሰም፣ ማለትም የመደመሪያው ትእዛዝ፣ ጽሑፍ ሲያገኝ ስሕተት ነው ብሎ አይጮህም፤ ዝም ብሎ ይዘልለዋል። የሁለቱ ሽያጮች ጠቅላላ ከነታክሱ 11730 ብር፣ የተከፈለው 8175 ብር መሆን ሲገባው፣ መዝገቡ የተከፈለው 5175 ብር ነው ይላል። ቀሪው ዱቤ 3555 ብር መሆኑ ቀርቶ 6555 ብር ሆኖ ይወጣል። ደንበኛው የከፈለውን 3000 ብር እንደገና ይጠየቃል ማለት ነው።

ዓይናማ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ስሕተት የሚይዝበት ምልክት አለው። ቁጥር በሴሉ ቀኝ ጠርዝ፣ ጽሑፍ በግራ ጠርዝ ስለሚቀመጥ አንዷ ሴል ከመስመር ወጥታ ትታየዋለች። ለሚሰማው ሰው ግን «3000 ብር» የሚለው ድምፅ ምንም እንከን የሌለበት፣ እንዲያውም የተሟላ አነጋገር ነው። ጥፋቱ የሻጩ ሆኖ ሳለ ተወቃሹ «ዓይነ ስውሩ የሒሳብ ሠራተኛ» ሊሆን የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መከላከያው ቀላል ነው። ካውንት የተባለው ፎርሙላ በአንድ ዓምድ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ይቆጥራል። ካውንትኤ የተባለው ደግሞ ባዶ ያልሆኑትን ሴሎች ሁሉ ይቆጥራል። በማጠቃለያ ገጽ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለዓምድ ጂ፣ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ፣ ቢሠራባቸው ውጤታቸው እኩል መሆን አለበት። ካውንት 1፣ ካውንትኤ 2 ካሉ ከሁለቱ ሴሎች አንዷ ጽሑፍ ሆናለች። ጥፋተኛዋን ለይቶ ለማውጣት ኢዝነምበር የተባለው ፎርሙላ በሴሏ ላይ ይጠየቃል፤ ቁጥር ከሆነች «ትሩ»፣ ካልሆነች «ፎልስ» ይላል። ይህ ምርመራ በየማታው ሒሳቡ ከመዘጋቱ በፊት ቢደረግ ዓይናማዎቹም ይጠቀሙበታል። አንድ ሺህ ረድፍ ባለው መዝገብ ውስጥ ወደ ግራ የተጠጋችን አንዲት ሴል ዓይንም ቢሆን ሊስታት ይችላል።

ሁለተኛው እንቅፋት ቀለም ነው። በብዙ መዝገብ ያልከፈለ በቀይ፣ የከፈለ በአረንጓዴ ይቀባል። አንባቢው ፕሮግራም ቀለሙን በራሱ አይነግርም። ስለዚህ በዓምድ ኤች «ከፍሏል» ወይም «ዱቤ» የሚል ቃል መጻፍ አለበት። ቀለሙ ለዓይናማው ቢቀር አይጎዳም፤ ቃሉ ግን መቅረት የለበትም። ቃሉ ከተጻፈ ዱቤዎቹን ብቻ ለይቶ ማውጣትም ሆነ መቁጠር ይቻላል፤ ቀለም ብቻ ሲሆን ግን ይህ ለማንም አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው የተዋሐዱ ሴሎች ናቸው። የድርጅቱን ስም በትልቁ ለማሳመር አምስትና ስድስት ሴሎች አንድ ላይ ሲዋሐዱ ቀስቱ አድራሻዎችን እየዘለለ ይሄዳል፤ የሚሰማው ሰው የሠራው ካርታም ይፈርሳል። አራተኛው ለማስዋብ ተብሎ በመካከል የሚተው ባዶ ረድፍ ነው። ኮንትሮልና የታች ቀስት ባዶው ዘንድ ሲደርስ ስለሚቆም፣ ሠራተኛው መዝገቡ እዚያ ያበቃ ይመስለዋል። ከባዶው በታች ያለው ሽያጭ ሳይታይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው።

የቀን አቆጣጠር ጣጣ

በኢትዮጵያ የሚያዝ መዝገብ ሌላ የራሱ ችግር አለበት። የኢንተርኔት ሠንጠረዡ የሚያውቀው የአውሮፓውያንን አቆጣጠር ብቻ ነው። ኮንትሮልና ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቡ፣ ማለትም ሴሚኮለን፣ ሲጫኑ የሚገባውም የእነርሱ የዕለቱ ቀን ነው።

ሻጩ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ለማለት 28/2/2017 ብሎ ቢጽፍና መዝገቡ ቀንን በሚያስቀድም አገር አጻጻፍ የተስተካከለ ቢሆን፣ ኮምፒዩተሩ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ነው ብሎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 29ን እና 30ን ግን አይቀበልም። በዚያ ዓመት የእነርሱ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ስላለው ሁለቱን ዕለታት ወደ ጽሑፍ ይለውጣቸዋል። መዝገቡ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር እነዚህ ሽያጮች ከቦታቸው ወጥተው ታች ይወርዳሉ። የአሜሪካ አጻጻፍ በተመረጠበት መዝገብ ደግሞ ወር ስለሚቀድም፣ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ለማለት የተጻፈው 5/13/2017 ሜይ 13 ሆኖ ይመዘገባል። ሁሉም በድምፅ ሲነበቡ ትክክለኛ ቀን ይመስላሉ።

መፍትሔው የቀኑን ዓምድ በሙሉ አስቀድሞ ተራ ጽሑፍ እንዲሆን መወሰን ነው። አልትና ስላሽ ተጭኖ «ተራ ጽሑፍ» የሚለው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ስሙ ሲፈለግ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ቀኑ ዓመትን፣ ወርንና ዕለትን በማስቀደም፣ ወሩና ዕለቱም ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፋል። 2017-02-30 እና 2017-13-05 በዚህ መልክ ከተጻፉ በትክክል ይደረደራሉ። ዋናው ነገር ሁሉም የመዝገቡ ተጠቃሚዎች በአንድ አጻጻፍ መስማማታቸው ነው።

መዝገቡ የጋራ ሲሆን

የኢንተርኔት ሠንጠረዥ ጥቅሙ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መሥራቱ ነው፤ አደጋውም ያው ነው። አንድ ሰው የሌላውን ፎርሙላ በስሕተት ሊያጠፋ ይችላል። የድምሩና የታክሱ ዓምዶች ከዳታ ምናሌ ውስጥ በሚገኘው የጥበቃ ትእዛዝ ቢቆለፉ ሻጩ መሙላት የሚችለው የራሱን ዓምዶች ብቻ ይሆናል። በኤች ዓምድም ቃሉ ከተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ እንዲመረጥ ማድረግ «ዱቤ»፣ «በዱቤ»፣ «ዱበ» እየተባለ በልዩ ልዩ ፊደል እንዳይጻፍ ይከላከላል።

ጥያቄ ያለበት ሰው በሴሉ ላይ ኮንትሮል፣ አልትና ኤምን በመጫን አስተያየቱን ይተዋል። ማን ምን እንደለወጠ ለማጣራት ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ኤች የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ዝርዝር ይከፍታሉ። ከሌላ መዝገብ ቁጥር ሲመጣ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ቪ መለጠፍ ይመረጣል፤ ይህ ትእዛዝ ዋጋውን ብቻ እንጂ ቀለሙንና ቅርፁን ይዞ አይመጣም።

የኢንተርኔት መስመር መቋረጥን በተመለከተ፣ በክሮም ላይ ያለ ኢንተርኔት የመሥራት ምርጫ አስቀድሞ ከበራ ሥራው ሳይቆም ይቀጥላል፤ መስመሩ ሲመለስ ለውጡ ይተላለፋል። ምርጫው ማብራት ያለበት ግን መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ነው።

የአሠሪው ድርሻ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 በአካል ጉዳት ምክንያት በቅጥር ላይ የሚደረግ አድልዎን ከልክሏል፤ አሠሪውም ለሠራተኛው ተገቢውን የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል። «ማመቻቸት» የሚለው ቃል ሲነሣ ከፍተኛ ወጪ የሚታያቸው አሠሪዎች አሉ። በሒሳብ ሠንጠረዥ ረገድ ግን ወጪው ምን እንደሆነ መቁጠር ይቻላል። አንባቢው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል። ጉግል ሺትስን በግል ደረጃ ለመጠቀም ክፍያ የለም። የሚያስፈልገው የጆሮ ማዳመጫና የመዝገብ አያያዝ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱም አንድ የአርእስት ረድፍ፣ ባዶና የተዋሐደ ሴል አለመኖር፣ በቀለም ፋንታ ቃል፣ በቁጥር ሴል ውስጥ ቁጥር ብቻ፣ አንድ ዓይነት የቀን አጻጻፍ ነው። ይህን የሚያሟላ መዝገብ ለኦዲተርም ይመቻል።

በሌላ በኩል ሥራ ፈላጊውም «ኮምፒዩተር እችላለሁ» ማለት ብቻውን እንደማይበቃው መረዳት አለበት። ቁልፎቹን ጣት እስኪለምዳቸው በየቀኑ መለማመድ፣ የሌሎች ሰዎችን የተዘበራረቀ መዝገብ እየተቀበሉ ማስተካከል ያስፈልጋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት መንቀሳቀስ፣ በሁለተኛው መመዝገብና መደመር፣ በሦስተኛው ምርመራ፣ በአራተኛው የጋራ ሥራ እየተባለ ቢከፋፈል ሥራው አይከብድም።

በቃል መያዝ ያለባቸው ቁልፎች

• ድጋፉን ለማብራት፦ ኮንትሮል + አልት + ዜድ
• ረድፍ ለማስነበብ፦ ኮንትሮል + አልት + ሺፍት + አር
• ዓምድ ለማስነበብ፦ ኮንትሮል + አልት + ሺፍት + ሲ
• ወደ መጀመሪያው ሴል፦ ኮንትሮል + ሆም
• ወደ ተሞላው ዓምድ መጨረሻ፦ ኮንትሮል + የታች ቀስት
• ረድፍ ለመምረጥ፦ ሺፍት + ስፔስ፤ ዓምድ ለመምረጥ፦ ኮንትሮል + ስፔስ
• ፎርሙላ ወደ ታች ለመገልበጥ፦ ኮንትሮል + ዲ
• ሴል ከፍቶ ለማረም፦ ኤፍ 2፤ ሳይነኩ ለመውጣት፦ ኢስኬፕ
• አዲስ ገጽ ለመጨመር፦ ሺፍት + ኤፍ 11
• ትእዛዝ ለመፈለግ፦ አልት + ስላሽ
• የተሳሳተን ለመመለስ፦ ኮንትሮል + ዜድ

ለቅጥር ፈተና የሚሆን ሐሳብ

ዓይነ ስውር አመልካች የቀረበለት አሠሪ ከመጠራጠር ይልቅ መፈተን ይችላል። 30 ረድፍ ያለው የሽያጭ መዝገብ አዘጋጅቶ በአንዷ ሴል ውስጥ ከቁጥሩ ጎን «ብር» የሚል ቃል ይጨምርበት። ከዚያም አመልካቹ በራሱ የስክሪን አንባቢ ሠንጠረዡን ከፍቶ ድምሩን እንዲያወጣና ስሕተት ካለ እንዲያመለክት ይጠይቀው። ይኸው ፈተና በዚያው ዕለት ለዓይናማ አመልካቾችም ይሰጥ። ቦታው የሚገባው ያቺን ሴል ላገኘው ሰው ነው።